መልስ፦ መንገድ ሊሰፋ ነው ብለው የሱቄን ፓርኪንግ ሊወስዱት ነው፣ ምን ላድርግ? (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ አይዞህ፣ ብቻ ቸኩለህ እንዳትፈርም። ለመንገድ ከሆነ መውሰዱን ማስቆም ከባድ ነው፣ ዋናው ክርክር ብሩ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚልኩልህን ኦፈር እንደ መነሻ ዋጋ ነው የምታየው። ቨርጂኒያ በ2012 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ህገ መንግስቷን አሻሽላለች፣ የተቆረጠው መሬት ብቻ ሳይሆን የተረፈው ዋጋው ከወረደ፣ መግቢያህ ከተዘጋ፣ ትርፍህም ከቀነሰ ካሳ አለው፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋልና የታክስ ወረቀትህንና የየወሩን ሽያጭ ከአሁኑ ሰብስብ (በካሽ ሸጦ ያላስመዘገበ እዚህ ጋ ነው የሚቆጨው 😅)። ስድስት መኪና ይቆምበት የነበረው ቦታ ሁለት ብቻ ከያዘ ደንበኛው ዞሮ ይሄዳል፣ ይሄን የሚያሰላ የራስህ አፕሬዘር (የንብረት ዋጋ ገማች) ያዝ፣ ፎቶም አንሳ። ብሩን ፍርድ ቤት አስገብተው ቦታውን ቢረከቡህ እንኳ ብሩን አውጥተህ እየተጠቀምክ ስለጎደለው መከራከር ትችላለህ፣ መውሰድህ ተስማምቷል አያስብልህም።