ከጣሳ ወደ ኪሎ ግራም፦ የሐዋሳንና የአካባቢዋን ገበያዎች ስለማሸጋገር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ክፍት ገበያዎች እህል፣ ቅመማ ቅመምና አትክልት ዛሬም በጣሳ፣ በሲኒና በመደብ ሲሸጡ ይታያል። የሲዳማ ክልል ይህን ንግድ ሙሉ በሙሉ ወደ ሜትሪክ ሥርዓት ያሸጋግር ቢባል ዕቅዱ ምን መምሰል አለበት በሚለው ጉዳይ ላይ ጥያቄ ያላችሁ እንድታቀርቡ ጋብዤ ነበር። ሚዛን በማረምና በማረጋገጥ ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁ በመሆኔ መልሶቼ ከዚያ ሙያ የሚነሱ ናቸው። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን በአንድነት መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አገራችን የሜትሪክ ሥርዓትን በሕግ ከተቀበለች ብዙ ዘመን አልፏል። ታዲያ አሁን የምን ዕቅድ ነው የሚያስፈልገው?

መልስ፦ ሥርዓቱ በሕግ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1963 ስለሆነ የሕግ ክፍተት አለ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ሥርዓቱ የሰመረው የጽሑፍ ማስረጃና የታመነ መለኪያ በተገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአንድን ገበሬ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን 40 ሄክታር ገደማ የነበረውን ጋሻን ትቶ በሄክታር ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ የመሬት ነገር በጋሻ መቆጠሩ እየቀረ መጣ። ዛሬ በሐዋሳ ቦታ የሚሸጥም የሚገዛም «200 ካሬ» ይላል፤ ነዳጅም በሊትር ይቀዳል። በእህል ተራ ግን ገዢው ደረሰኝ አይቀበልም፣ ሰፋሪዋም በአጠገቧ የተረጋገጠ ሚዛን የላትም። ስለዚህ ዕቅዱ መነሳት ያለበት ከሚዛኑና ሚዛኑን ከሚያረጋግጠው ባለሙያ ነው። ሌላ አዋጅ መጨመር ይህን ጉድለት አይሞላውም።

ጥያቄ፦ በእህል ንግድ የምተዳደር ነኝ። ጣሳ በአንድ ጊዜ ቢከለከል አይቀልም ወይ? አለበለዚያ አንድ ጣሳ ስንት ኪሎ እንደሆነ ተሰልቶ ይነገረንና በዚያው እንቀጥል።

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ጣሳ የሚለካው እህሉ የያዘውን ቦታ ሲሆን ኪሎ ግራም የሚለካው ክብደቱን ነው፤ በመካከላቸው ለሁሉም እህል የሚሠራ አንድ ቁጥር ሊኖር አይችልም። ልክ 1 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ብንወስድ፣ በስንዴ ሲሞላ ከ750 እስከ 800 ግራም፣ በገብስ ሲሞላ ደግሞ ከ600 እስከ 650 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህም እህሉ ደረቅና የተበጠረ፣ አፉም ላይ ተስተካክሎ የተሰፈረ ከሆነ ነው። በገበያ ግን አሰፋፈሩ እንዲህ አይደለም። ሰፋሪዋ ጣሳውን ከክምሩ ትዝቃለች፤ ግራ እጇን ከአፉ ዙሪያ ከበብ አድርጋ በቀኟ ትቆልላለች፤ ገዢዋ «መርቂልኝ» ስትላት እፍኝ ትጨምራለች። ቁልሉ የሚያድገውም የሚያንሰውም በእጇ ነው። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ ከተረገጠ ደግሞ ቁልሉ ምንም ቢያምር ገዢዋ ጎድሎባት ትሄዳለች፤ ይህን በዓይን መለየት በጣም ከባድ ነው።

መከልከሉን በተመለከተ፣ ሚዛን ባልደረሰበት ገበያ ጣሳን መከልከል ነጋዴውን ለቅጣት፣ ንግዱን ደግሞ ለጓሮ መዳረግ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ሚዛን፣ ቀጥሎ ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ የተወሰነ ቀን፣ በመጨረሻ ቁጥጥር ቢሆን እመርጣለሁ። ምርቃቱ ግን እንዳይጠፋ እመኛለሁ፤ ሚዛኑ 1 ኪሎ ካሳየ በኋላ በሻጭዋ ፈቃድ የሚጨመር እፍኝ ማንንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የ20 ብር ሽንኩርት የሚገዛ ሰው በኪሎ ግዛ ሲባል ምን ይሁን? ድሃውን የሚጎዳ ዕቅድ አይሆንም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በማንኛውም ዕቅድ መጀመሪያ ገጽ ላይ መስፈር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በኪሎ መሸጥ ማለት ከኪሎ በታች አለመሸጥ ማለት አይደለም። በልኬት መዛባት አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚገዛው ሰው ነው፤ ኩንታል የሚገዛ ሰው ራሱ ያስመዝናል። በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ የኪሎው ዋጋ ከተመዘገበ ገዢው «የ20 ብር» ብሎ ቢጠይቅ ክብደቱና ሒሳቡ አብረው ይታያሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ በመደብ መሸጣቸውን እኔ ብሆን አልከለክልም፤ ገዢው ማወዳደር እንዲችል የኪሎው ዋጋ ከመደቡ አጠገብ ይለጠፍ ብዬ ግን አስገድዳለሁ።

ጥያቄ፦ የሌሎች አገሮች ልምድ ምን ያሳያል? በአንድ ቀን መለወጥ ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ?

መልስ፦ ሁለቱም እንደ አሠራራቸው ነው (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ሕጉን አውጥታ፣ ከጥቅምት 1958 ጀምሮ በየአካባቢውና በየንግድ ዘርፉ እየከፈለች ተግብራ፣ በሚያዝያ 1962 ሌሎቹን መለኪያዎች አገደች። ለእኛ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ሕንድም ያኔ በአብዛኛው ማንበብ የማይችል፣ በመንደር ገበያ የሚገበያይ ሕዝብ ነበራት። አውስትራሊያ በ1970 ሕጓን አውጥታ ለእያንዳንዱ ዘርፍ የየራሱን ቀን ቆረጠች፤ የመንገድ ምልክቶቿን በሐምሌ 1974 በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ቀየረች። አሜሪካ ግን በ1975 ያወጣችው ሕግ ለውጡን በፈቃደኝነት ላይ ስለተወው፣ እንዲያስተባብር የተቋቋመው ቦርድ በ1982 ተዘጋ፤ ሕዝቡም ዛሬ በፓውንድና በማይል ይኖራል። ብሪታንያ በ1965 ብትጀምርም መንገዷ አሁንም በማይል ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የሥርዓቱ መፍለቂያ የፈረንሳይ ታሪክ ነው። በ1795 የታወጀው ሥርዓት በገበያው ስላልተለመደ ናፖሊዮን በ1812 የቀድሞዎቹ ስሞች ለዕለት ተዕለት ንግድ እንዲመለሱ ፈቀደ፤ ሜትሪክ ብቻውን አስገዳጅ የሆነው ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ ነው። ጣሳና ኪሎ ጎን ለጎን ያለ ገደብ ከተፈቀዱ ሰው የለመደውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ መሄዱን እደግፋለሁ፤ በአንዱ ዘርፍ ውስጥ ግን ቀኑ አንድና የማይራዘም ይሁን።

ጥያቄ፦ የቡና አቅራቢ ነኝ። ፈረሱላም ይቀራል ማለት ነው?

መልስ፦ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ ቢሆንም ፈረሱላው 17 ኪሎ ግራም ተብሎ የታሰረ ነው። ከኪሎ ግራም ጋር በቁርጥ የታሰረ መለኪያ ማንንም ስለማያታልል ለጊዜው የሚያጣድፍ አይደለም። በየወረዳው ቡና ለሚሸጠው ገበሬ ግን ዋጋው በኪሎ ይነገረው፤ ለ17 ማካፈል በሚዛን ፊት ቆሞ የሚሠራ ሒሳብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኒክ ሚዛንስ ቢሆን ይታመናል? ነጋዴዎች ያዛቡታል ይባላል።

መልስ፦ ሚዛን የሚታመነው ሲረጋገጥ ነው፤ ያልተረጋገጠ ሚዛን ከጣሳ የሚከፋበትም ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም ገዢው ቁጥር ሲያይ መከራከሩን ይተዋል። መዛባቱ ሁልጊዜ ከተንኮል አይመጣም። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው፤ የመሬት ስበት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ሐዋሳ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ለምሳሌ በጀርመን የተስተካከለ ሚዛን እዚህ ሳይታረም ቢሠራ 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል ላይ 300 ግራም ያህል አጉድሎ ያሳያል። ስለዚህ ሚዛን የሚሠራበት ቦታ ላይ በታወቀ የመፈተሻ ክብደት መታረም አለበት።

ገዢው ራሱ ሊያደርገው የሚችለውም አለ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ማሳየቱን ይመልከት፤ የሳህኑ ወይም የከረጢቱ ክብደት መቀነሱን ይጠይቅ፤ ዕቃውን ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲያንቀሳቅሱት ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከተለወጠ ሚዛኑ ጤና የለውም። በየገበያው መግቢያ አንድ የተረጋገጠ የሕዝብ ሚዛን ቢቆምና ማንም የገዛውን በነጻ መልሶ ቢያስመዝን፣ ከብዙ ተቆጣጣሪ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ክልሉ ለዕቅዱ ገንዘብ ሲመድብ ከሁሉ በፊት የማየው ለመፈተሻ ክብደቶችና ለባለሙያዎች የተያዘውን ነው፤ ያ ክፍል ባዶ ከሆነ የቀረው ዕቅድ ወረቀት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በግንባታ ዕቃ መደብር ቱቦ በኢንች፣ ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል። እነዚህስ?

መልስ፦ የቱቦው ኢንች የመገጣጠሚያ መጠሪያ ስለሆነና ዓለም ሁሉ ስለሚጠቀምበት ይቆይ። ጌጅ ግን ያሳስበኛል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ስለሚሳሳ ባለ 32ቱ ከባለ 28ቱ የሚበልጥ የሚመስለው ገዢ አለ። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይሸጥ።

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሽግግሩ ወቅት ሁለቱ መለኪያዎች ሲደባለቁ ስህተት አይፈጠርም?

መልስ፦ ይፈጠራል፤ ቀላልም አይሆንም። ካናዳ ወደ ሜትሪክ በምትሸጋገርበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983፣ 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ የሚያስፈልገው አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በስሌት ስህተት የያዘው 22,300 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነበር። በአየር ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ ቦታ ያለ ሞተር ስላሳረፉት የሞተ ሰው አልነበረም። እርስዎ ባሉበት ሙያ ደግሞ የማዳበሪያ ምክር በሄክታር ይሰጣል፣ ገበሬው ማሳውን በጥማድ ይቆጥራል፣ ጸረ ተባዩን በጠርሙሱ ክዳን ይሰፍራል። ጥማድ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ቢባልም እንደ በሬውና እንደ አፈሩ ይለያያል። ማሳው በሜትር ይለካ፤ ከኬሚካሉም ጋር በሚሊ ሊትር ምልክት የተደረገበት መስፈሪያ አብሮ ይሰጥ። ከገበያው ሁሉ አስቀድሜ እዚህ ላይ እጀምር ነበር፤ ክዳን ተሳስቶ የሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብ አይመለስም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ በፍሬ ነው የሚሸጠው። እሱም ይለወጥ?

መልስ፦ ሙሉ ዓሣ በፍሬ ይሸጥ፤ ገዢው መጠኑን እያየ ነው። የተገፈፈና የተከተፈ ሥጋው ግን በኪሎ ይሁን።

ጥያቄ፦ የመሸጋገሪያው ቀን መቼ ይሁን?

መልስ፦ ለእህል ዘርፍ ምርት ገብቶ ዋጋ የሚረጋጋበትን ጊዜ፣ ታኅሣሥን ወይም ጥርን እመርጣለሁ። እህል በሚወደድበት በክረምት ከተጀመረ ሕዝቡ የዋጋውን ጭማሪ በኪሎው ላይ ያሳብባል፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 ገንዘቧን ወደ አሥርዮሽ ስትቀይር ብዙ ሰው የኑሮውን ውድነት በአዲሱ ሳንቲም ላይ አሳቦ ነበር። የበዓል ዋዜማም አይሁን፣ ወረፋውን ሚዛን አይችለውም። ከቀኑ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ሻጮች በየተራቸው ሚዛን ተሰጥቷቸው በጣሳም በኪሎም እየሸጡ ይለማመዱ፤ መስፈርም ሆነ ማስላት የለመዱ ሴቶች ስለሆኑ ሚዛን ማንበብ ያስቸግራቸዋል ብዬ አልሰጋም። ቀኑ ሲደርስ ጣሳው ከእህል ተራ ይነሳ።