ለአባትህ ስልክ ላይንኤጅ ከመጫንህ በፊት

«ለአባቴ የገዛሁላቸው ስልክ ዳታ ይበላል፣ ሲከፍቱት ማስታወቂያ ይዘረጋል። ጓደኛዬ ላይንኤጅ ኦኤስ ጫንላቸው አለኝ፤ ልጫን ወይ?» ላልከው የቡሬ ወንድማችን፦ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ስልክ ስጠግን ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አጭሩ መልስ አትጫን ነው። ረጅሙ ይኸው።

ላይንኤጅን ጠልቼው አይደለም፤ የራሴ ስልክ ላይ ያለው እሱ ነው። እንደ ፈረንጅ 2016 መጨረሻ ላይ ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ተመሳሳይ ሲስተም ሲዘጋ ሥራውን የተረከቡ ሰዎች የሚያዘጋጁት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ አንድሮይድ ነው። ግን እዚያ ለመድረስ የከፈልኩትን ስማ። ስልኬ ሻውሚ ነው። ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውንና ሌላ ሲስተም እንዳይጫን የተቆለፈውን ፕሮግራም፣ ለማስከፈት አካውንት አስመዝግቤ 168 ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሰባት ቀን ማለት ነው። ሲከፈት ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህን ለደንበኛ ስናገር የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም የዱቤ መዝገቤን ፎቶ ሳላወጣው ቀረሁና አብሮ ሄደ። ባለዕዳዎቼ እስከ ዛሬ ላይንኤጅን ይመርቃሉ።

ቀጥሎ የባንኬ አፕ አልከፈትም አለ። ብዙ የባንክ አፖች ስልኩ በፋብሪካው ሶፍትዌር ላይ እንዳለ ነው ወይ ብለው ጉግልን ይጠይቃሉ፤ ቡትሎደሩ ከተከፈተ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አሉታ ነው። እኔ ቴሌብርን በ*127# እየሠራሁ ተላምጄዋለሁ። አባትህ የለመዱት አፕ ካለ ግን አንድ ቀን ገበያ ላይ እምቢ ሲላቸው የሚደውሉት ለአንተ ነው።

ደግሞም አንዱ ሞዴል ላይ የሚሄድ ፋይል ሌላው ላይ አይሄድም። እኛ ገበያ ላይ ከሚበዙት ርካሽ ስልኮች አብዛኞቹ ላይንኤጅ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ቴሌግራም ላይ «ለእሱም አለ» ብሎ ፋይል የሚለጥፍ አይጠፋም፤ ማን እንደሠራው የማታውቀውን ሲስተም በማታውቀው ከቀየርክ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጀማሪ እያለሁ የአጎቴን ሚዲያቴክ ቺፕ ያለው ስልክ ፍላሽ ሳደርግ (ሲስተሙን በኮምፒውተር እንደገና ስጭን) ሁሉን የሚያጠፋውን «ፎርማት ኦል» መረጥሁ። ስልኩ በራ፣ ደስ አለኝ። ሲም ስከትበት ኔትወርክ የለም። *#06# ብዬ ባይ አይኤምኢአዩ፣ ኔትወርክ ስልኩን የሚለይበት ቁጥር፣ ጠፍቷል። ሎጎ ላይ ቢቆም እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አጎቴ «በርቶ እንዴት አይደውልም?» እያሉ ሳምንት ሙሉ አይጠይቁኝም ነበር።

አሁን ወደ አባትህ ስልክ። ሴቲንግ ገብተህ መጀመሪያ የምታየው አካውንቱን ነው። ጂሜይሉ የማን ነው? ሱቅ ውስጥ ስልክ ሲሸጥ ሻጩ ቶሎ ለማስረከብ ሲል የራሱን ጂሜይል ወይም እዚያው የፈጠረውን ያስገባል፤ ፓስወርዱን ገዢው አያውቀውም። አባትህ የሚመዘግቡት ስልክ ቁጥር ሲንክ (ስልኩን ከአካውንቱ ጋር የሚያመሳስለው) ከበራ ወደዚያ አካውንት ይሄዳል፤ ፎቶውም እንዲሁ። የአካውንቱ ባለቤት ስልኩ የት እንዳለ ካርታ ላይ ማየት ይችላል። ክፉ አስቦ ነው እያልኩህ አይደለም፣ አብዛኛው ሻጭ አካውንቱን ራሱም ረስቶታል። ግን ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ስልኩ ጠፍቶ በቁልፎቹ ከሚከፈተው ሪከቨሪ ሃርድ ሪሴት ሲደረግ (ሁሉ ነገር ሲጠፋ) ያንኑ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የራሳቸውን ስልክ መክፈት አቅቷቸው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ስክሪን ከተሰበረባቸው አይተናነሱም። ስለዚህ ለአባትህ በስማቸው አካውንት ክፈትላቸው፤ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤት አስቀምጥ፤ ከዚያ የሻጩን አውጣ። ቅደም ተከተሉን አታዛባ።

ማስታወቂያው ቀላል ነው። ሲዘረጋ አትዝጋው፤ ክፍት አፖችን የምታሳየውን ቁልፍ ንካ። የትኛው አፕ እንደላከው ብዙውን ጊዜ ከምልክቱ ትለየዋለህ። ካልታየህ ሴቲንግ ውስጥ በሌሎች አፖች ላይ መታየት የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ፈልግ። የባትሪ ማጽጃ ወይም የእጅ ባትሪ አፕ እዚያ ምን ይሠራል? አጥፋው። ከፋብሪካ የመጣና አልጠፋም የሚል ከሆነ «ዲሴብል» አድርገው።

ዳታው ላይ ግን ቆም እንበል። አንድሮይድ ለካሜራ፣ ለማይክሮፎን፣ ለኮንታክት ፈቃድ ይጠይቅሃል። ለኢንተርኔት አይጠይቅህም፤ አፑ ሲጫን ፈቃዱን ይዞ ይገባል። ላይንኤጅን የምወደው የእያንዳንዱን አፕ ኢንተርኔት መዝጊያ ስለሰጠኝ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ደንበኛዬ ስልክ ላይ የዳታ ዝርዝሩን ስከፍት ከላይ ተቀምጦ ያገኘሁት የአማርኛ ኪቦርድ ነው። ፊደል ለመጻፍ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? በ2015 ሐምሌ መጨረሻ እኛ ክልል ሞባይል ዳታ ከተቋረጠ በኋላ አፕ የሚዞረው በዜንደርና በሚሞሪ ካርድ ነበርና ከማን እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም። ኪቦርድ ስታበራ አንድሮይድ ራሱ «ፓስወርድህን ጨምሮ የምትጽፈውን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሁላችንም ሳናነብ እሺ እንላለን። ለሰውዬው ኪማን የሚባለውን ኪቦርድ ጫንኩላቸው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

ኮዱ ክፍት ነው ስልህ አንብቤዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ፕሮግራም አልችልም። የሚችል ሰው ልይ ቢል ግን የሚከለክለው የለም። ኤፍ-ድሮይድ የሚባለው የአፕ መደብርም የያዘው እንዲህ ያሉትን ብቻ ነው፤ አፑ ማስታወቂያ ወይም መከታተያ ካለበት ገጹ ላይ ይጽፍልሃል። ከዚያ ኔትጋርድን አውርድ። ሩት ሳታደርግ (የስልኩን ሲስተም ሙሉ ሥልጣን ሳትከፍት) የትኛው አፕ ኢንተርኔት እንደሚያገኝ አንተ ትወስናለህ። እንደ ቪፒኤን ሆኖ ስለሚሠራ ሌላ ቪፒኤን አብሮት አይሄድም፤ አባትህ ግን ቪፒኤን የሚጠቀሙ አይመስለኝም። ቴሌብርን፣ ቴሌግራምን፣ ፕሌይ ስቶርን ክፈትላቸው፤ ሌላውን ዘግተህ የሚጮህ ካለ ተመልከት።

ይህን አድርገህ ዳታው አሁንም ካለቀ የዳታ ዝርዝሩን ስክሪንሹት እዚህ ላክልን፣ ከሞዴል ቁጥሩ ጋር። ባለፈው አንዱ ልጅ እንዳደረገው አይኤምኢአዩንና ስልክ ቁጥሩን ሳትሸፍን እንዳትለጥፈው።