ዳይስ ይበወዛል?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ሉዶ ስንጫወት ዳይሱን ትሰጠኝና «አባዬ፣ በውዝ!» ትለኛለች። እኔ ግን ብወዛን የማውቀው ከመሥሪያ ቤት ነው። በቅርቡ ሦስት አዳዲስ ኃላፊዎች ከውጭ ሲመጡ ሁሉም ሰው «ብወዛ ተደረገ» አለ። ለመሆኑ ቃሉ የማን ነው? ዳይስስ ይበወዛል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ቃሉ የካርታ ነው። እኔ የተማርኩት ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ የሚያድሩት ጎረቤቶች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ካርታ ይይዛሉ። አንድ ሾፌር ጋሼ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና «በውዝ! ገና ነው፣ ደህና አድርገህ በውዝ!» ይሉኛል። ከዚያ አንዱ ይቆርጣል፣ ከዚያ ይታደላል። ሦስቴ አራቴ ሲያስደግሙኝ ልክ ነበሩ። በ1992 እ.ኤ.አ. ባየር እና ዳያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ ካርታውን ለሁለት ከፍሎ እያጠላለፉ ለሚበውዝ ሰው 52ቱ በደንብ የሚደባለቁት ሰባት ጊዜ ያህል ሲበወዙ ነው።

ካርታው ከእጄ ሲበተን ጋሼ ለቅመው ይቆጥሩታል። ቁጥሩ መጉደል የለበትም። ሲበወዝ የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ 52 ገብቶ 52 ይወጣል።

ስለዚህ የግዥው ኃላፊ ወደ ፋይናንስ፣ የፋይናንሱ ወደ ሰው ሀብት ቢዛወሩ፣ እሱ ብወዛ ነው። «የካቢኔ ብወዛ» የሚለውም ሚኒስትሮች ቦታ ሲቀያየሩ ያምራል። ሰው ከውጭ ሲመጣ ግን ሹመት ነው። የነበሩት ተነስተው በቦታቸው ሌላ ከተተካ ደግሞ «ሹም ሽር» የሚል የቆየ ቃል አለን። ይሄ ልዩነት ሲጠፋ ከልቤ አዝናለሁ። አንድ የማውቀው ሰው ከሥራ ተሰናብቶ «ተበወዝኩ» አለኝ። እሱ እኮ ጭራሽ ከጨዋታው ወጥቷል! ቃሉ የደረሰበትን አሳነሰበት።

ዳይስ አይበወዝም። ብቻውን ነው፣ የሚዘበራረቅ ቅደም ተከተል የለውም። ይወረወራል፣ ወይም ይጣላል። «መጣል» ከዕጣ ጋር የኖረ ቃል ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 በይሁዳ ቦታ ሰው ሲመረጥ ዕጣ ጣሉ፣ ዕጣውም ለማትያስ ወደቀ።

ልጅዎ እጅዎ ውስጥ ሲያንቀጠቅጡት አይታ ይሆናል። ነገ ስትጠራዎት «አባዬ፣ ጣል!» እንድትል ያስለምዷት። ካርታ የገዙላት ቀን «በውዝ!» ትበልዎት።