አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን፣ ሁለት ታካሚ

እህቴ፣ እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ ቢመጣና ሌሊት ተረኛ ሆነሽ አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ብቻ ቢቀር፣ ከሁለት ታካሚ ለየትኛው እንደምትሰጪ ጠይቀሻል።

በመጀመሪያ መምረጥ ግድ መሆኑን አረጋግጪ። ብዙ ጊዜ እጥረቱን የሚያባብሰው አንዱ ከሚያስፈልገው በላይ መውሰዱ ነው። የአደጋ ምልክቱ ላለፈለት አዋቂ ሳቹሬሽን (በጣት መለኪያ የሚታየው የደም ኦክስጅን መጠን፣ በመቶኛ) 90 ይበቃዋል፤ ለነፍሰ ጡር ከ92 አይውረድ። በደቂቃ 10 ሊትር እየወሰደ 98 የሚያሳይ ካለ፣ 1 ወይም 2 ሊትር ቀንሺና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። 7,000 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ10 ሊትር 12 ሰዓት አይሞላም፤ በ4 ሊትር ግን 29 ሰዓት ይሄዳል። ይህ ልዩነት የሌላው ሰው ሕይወት ነው። ለሁለት ስታካፍዪ ግን ለየብቻ ፍሎው ሜትር (በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሄድ የሚያሳይ መለኪያ) ይኑራቸው። አንዱን ቱቦ በሹካ መገጣጠሚያ ብቻ ከከፈልሽው ኦክስጅኑ ለመሄድ ወደሚቀለው ቱቦ ያደላል፣ ማን ስንት እንደወሰደም አይታወቅም።

በእኛ አገር ከፍታውም ያሳስታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጤነኛው ሰው እንኳ 92 ወይም 93 ሊያሳይ ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ያው ቁጥር ሲታይ ያሳስባል። ስለዚህ ከቆላ ሪፈር የመጣውንና የደጋውን በቁጥር ብቻ አታወዳድሪ። ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ መቻሉንና ንቃቱን እዪ። በብርድ የደነዘዘ ጣትና የጥፍር ቀለም የጣት መለኪያውን ያሳስታሉ፤ እጁን አሙቂ፣ ቀለሙን አጥፊ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ፣ ውሳኔውን ብቻሽን አትሸከሚ። ተረኛ ሐኪሙንና ኃላፊሽን ጥሪ። መለኪያው የሕመሙ ክብደትና በኦክስጅኑ የመዳን ተስፋው ነው። ቀድሞ መምጣት፣ ሥልጣን፣ ዝምድና ወይም ከላይ የተደወለ ስልክ መለኪያ አይሆንም። ሰዓቱን፣ ልኬቱንና የወሳኞቹን ስም ካርዱ ላይ ጻፊ። ተኝቷል ብሎ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ኦክስጅኑ ያልደረሰው ታካሚም አይተው፤ ከቻለ በሆዱ፣ ካልቻለ ከወገቡ በላይ ከፍ ብሎ ይተኛ፣ ሪፈሩም ወዲያው ይጠየቅለት።

ለቤተሰቡ በተወሰነ ሰዓት፣ ራሳቸው ለመረጡት አንድ ሰው እውነቱን ንገሪ። «ይድናል» ብለሽ ቃል አትግቢ። ፀበል እንስጠው ካሉ አትጣዪ፤ ነቅቶ በደንብ የሚውጥና ትንፋሹ ያልተጣደፈ ከሆነ በራሱ ዕቃ ጥቂት ይቅመስ፣ ማስኩ ግን ወዲያው ይመለስ።