ሲትኮሙ ሲያልቅ እቤት የሚቀረው፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ቤተሰብ ሲትኮሞች (አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች) እና ስለ ጎረምሳ ልጆች ብዙ ጠይቃችኋል፣ ቶሎ መልስ የሚፈልጉትን አስቀድሜያለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ)፦ የ14 ዓመት ልጄ ሲትኮም እያየ ለአባቱ አፍ መመለስ ጀመረ። እዛ ልጁ ሲመልስ ይሳቃል፣ እኛ ቤት ግን ጸብ ነው። ላጥፋበት?

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ፣ አታጥፊበት። ያ ሳቅ እኮ የቤቱ ሰዎች ሳቅ አይደለም፣ ወይ ስቱዲዮ የገባ ተመልካች ነው ወይ በኋላ የተጨመረ ድምጽ ነው፣ ልጅሽ ሳቁን እየሰማ የአባትየውን ፊት አያይም። እስቲ አብራችሁ ቁጭ በሉና ድምጹን ዘግታችሁ ያችኑ ቦታ ድጋሚ እዩአት፣ የአባትየው ፊት ሲለወጥ ራሱ ያየዋል። ደግሞ የአሜሪካ ሲትኮም ማስታወቂያው ሲወጣ 22 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ጸቡም እርቁም እዛች ውስጥ ማለቅ አለበት። ልጅሽ ግን ስሜቱን የሚገታለት የአእምሮ ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እያደገ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ዛሬ መክረሽው ነገ ቢደግመው ምክርሽ ከንቱ ቀረ ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ። አባቱን ግን አደራ፣ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ እያለ አይቆጣው፣ በዚህ እድሜ ከቁጣው በላይ የሚያማቸው ሰው ፊት መዋረዱ ነው። በረካው ተጠጥቶ ሰው ሲበተን ለብቻው ያናግረው።

ጥያቄ (የ16 ዓመት ልጅ፣ ኮምቦልቻ)፦ አባቴ ስልኬን ከፍቶ አነበበ። ሲትኮም ላይ አባት ሴት ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይቅርታ ይላታል፣ የኔ አባት ለምን አይልም?

መልስ፦ የኔ እህት መናደድሽ ልክ ነው፣ ሳይጠይቅሽ መክፈት አልነበረበትም (አባቶችም ስሙኝ)። የአልጋ ጫፉን ንግግር ግን ደራሲ አስቦበት የጻፈው ነው፣ የኛ አባቶች ብዙዎቹ ይቅርታ ከአፋቸው አይወጣም፣ ሳትጠይቂው ካርድ ሞልቶልሽ ወይ ማታ "በልታለች?" ብሎ እናትሽን ጠይቆ ከሆነ ይቅርታው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን በዛ ዝም በይ አልልሽም። "አባዬ፣ ስልኬን ስታየው ከፋኝ፣ የሚያሳስብህ ነገር ካለ ጠይቀኝ እነግርሃለሁ" በይው፣ ፊት ለፊት ከከበደሽ አክስትሽ ታስጀምርልሽ።

ጥያቄ (አባት፣ ሐይቅ)፦ ከልጆች ጋር እያየን መሳሳም ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ እንራወጣለን።

መልስ፦ ጋሼ፣ የሲትኮሙን ክፍል መጀመሪያ ብቻዎን ይዩት። ድንገት ከመጣም አይደንግጡ፣ ከመሳሳሙ ይልቅ ድንጋጤዎ ነው ትኩረታቸውን የሚስበው።

ጥያቄ (እናት፣ ወልዲያ)፦ ሥራ ልመለስ ነው፣ ባለቤቴ እቤት እየሠራ ልጆቹን ይይዛል። ሰዉ ያማናል።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 የታየው "ግሮዊንግ ፔይንስ" የሚባለው ሲትኮም የሚነሳው ከዚሁ ነው፣ እናትየው ወደ ጋዜጠኝነቷ ስትመለስ የአእምሮ ሐኪም የሆነው ባሏ ታካሚዎቹን እቤቱ እያየ ልጆቹን ይጠብቃል። እናንተ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ እንጀራው በማን ይጋገራል፣ ልጅ ሲያመው ማን ከሥራው ይነሳል። አማትሽ ካኮረፉ ባልሽ ራሱ ያስረዳቸው፣ አንቺ መሀል አትግቢ።