ቴሌስኮፑ ደህና ነው፤ መጀመሪያ ሰዓቱን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እህትህ ከአሜሪካ ሴለስትሮን ኔክስታር 6ኤስኢ የሚባለውን በሞተር የሚዞር ቴሌስኮፕ ይዛልህ መጣች። አዲስ አበባ ቤትህ ጣሪያ ላይ አወጣኸው። ሪሞቱ ሦስት ብሩህ ኮከቦች አሳየኝ አለህ፤ አሳየኸው። እሱ ግን "አላይን ፌይልድ"፣ ማለትም ከሰማዩ ጋር መገጣጠም አልቻልኩም፣ እያለ አስቸገረህ። በሌላ ሜኑ አልፈህ ጁፒተርን ስትጠይቀው ደግሞ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አነጣጠረ። "ሞተሩ መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሆን? መልሼ ልላከው?" ነው ያልከው። እንዳትልከው! እዚያው ጥያቄህ ውስጥ "ከምሽቱ 2፡30 ብዬ ነው ያስገባሁት" ብለሃል። ጉዱ ያለው እዚያ ጋ ነው።

ይህ ማሽን ሰማዩን አያይም። ካሜራ የለውም። ዓይኑን ጨፍኖ ካርታውን በቃሉ እንደያዘ ሹፌር በለው። ሰዓት፣ ቀንና ቦታ ትነግረዋለህ፣ እሱ ያሰላል፣ ሞተሩን ያዞራል። በቃ። ሰማይ ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 90 ዲግሪ። አንተ 2፡30 ብለህ ፒኤም ስትመርጥ እሱ የሚያስበው ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እንደሆነ ነው። ምሥራቅ ላይ ደምቆ የሚታይህ ጁፒተር በእሱ ስሌት ገና አልወጣም። ስለዚህ 20፡30 ብለህ አስገባ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ ከኤኤምና ከፒኤም ጣጣም ያድንሃል።

ቀኑም ያው ነው። መጀመሪያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ መጨረሻ ላይ ዓመት፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር። ዓመቱን በሁለት አሃዝ ስለሚጠይቅህ 18 ብትለው ምንም ሳይል 2018 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ይቀበልሃል። ኮከቦቹ ከዓመት ዓመት ያው ናቸውና ይህ ብዙ አይጎዳቸውም። ፕላኔቶች ግን ቦታ ይቀያይራሉ። ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስትመልሰው ፍጹም ሌላ ጥግ ላይ ሄዶ ይፈልገዋል። ጨረቃ ደግሞ በቀን 13 ዲግሪ ገደማ ስለምትሄድ የአንድ ቀን ስህተት እንኳ ይበቃታል።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ሪሞቱ መጨረሻ የተሰጠውን ቦታ ይይዛል። እህትህ እዚያ ሞክራው ከሆነ አሁንም አሜሪካ ያለ ነው የሚመስለው። ገብተህ ቀይረው፦ ኬክሮስ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ፣ ምሥራቅ። ምሥራቅ የሚለውን አደራ! አሜሪካ ምዕራብ ስለሆነ "ምዕራብ" ላይ እንደቆመ ይጠብቅሃል፤ 38 ምዕራብ ብለህ ካለፍክ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ነው ያለኸው። የሰዓት ዞኑን ፕላስ 3 አድርግ። "ዴይላይት ሴቪንግ" ወይስ "ስታንዳርድ" ሲልህ ስታንዳርድ በለው፤ እኛ ሰዓት አናዟዙርም።

ይህን ሦስቱን ካስተካከልክ ችግሩ በዚያው ያልቃል ብዬ እገምታለሁ። ቀጥሎ ያለው ማነጣጠር ነው።

ቱቦው ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ቀይ ነጥብ ማታ ለማስተካከል አትታገል። ቀን ላይ ሩቅ ያለ ነገር ምረጥ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የቴሌ ማማ ይሆናል። አብሮት በመጣው 25 ሚሊሜትር አይፒስ (ዓይንህን የምታስጠጋበት ሌንስ) መሐል ላይ አምጣው፣ ከዚያ ቀይ ነጥቧ እዚያው ላይ እስክታርፍ ሁለቱን ብሎን አዙር። ማታ ላይ ኮከቡን በቀይ ነጥብ ካገኘህ በኋላ "ኢንተር" ትጫናለህ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በአይፒሱ መሐል ላይ አድርገህ "አላይን" ትላለህ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ፎከሱን ትንሽ አዙረህ ኮከቡን አደብዝዘው፤ ውስጡ ጥቁር የሆነ የብርሃን ቀለበት ይሆንልሃል። ጥቁሩ የውስጠኛው ትንሽ መስታወት ጥላ ነው። ቀለበት መሐል ላይ ማድረግ ነጥብ መሐል ላይ ከማድረግ በጣም ይቀላል። የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ ሁልጊዜ በላይና በቀኝ ቀስት ጨርስ። የሞተሩ ጥርሶች መሐል ትንሽ ክፍተት ስላለች፣ ከተለያየ አቅጣጫ ከመጣህ ኮከቡ ትሸሽብሃለች።

አሁን የእኛ አገር ጣጣ ወደሆነው ልምጣ። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሰዎች አውሮፓና አሜሪካ ሆነው ነው የሚያወሩት። እዚህ ብዙ ነገር በአናታችን ላይ ነው የሚያልፈው። አልቴይር የምትባለው ኮከብ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ አዲስ አበባ ላይ ልክ ከአናት በላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ቤተልጉዝም ብዙ አትርቅም። ደማቅ ስለሆኑ ለአላይን ያጓጓሉ። ግን ከአናት በላይ ያለን ነገር ይህ ዓይነት ማቆሚያ አይወደውም፤ ትንሽ ለመከተል ብሎ ዙሪያውን መሽከርከር ይኖርበታል። ያንተም አንገት ይጣመማል። ጥር ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ከሆነ ካፔላን በሰሜን፣ ሲሪየስን በምሥራቅ በኩል፣ ካኖፐስን በደቡብ ውሰድ። ሦስቱም ደማቅ፣ ሦስቱም የተራራቁ፣ ከአናትም ገሸሽ ያሉ ናቸው። ፕላኔቶችን ደግሞ ከፍታቸው ላይ ሳይደርሱ ወይም ካለፉ በኋላ እያቸው።

የሰሜን ኮከብን ፈልግ የሚልህን ቪዲዮም ተወው። እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ከከተማው ብዙ ሰፈር እንጦጦ ይውጠዋል። ያንተ ዓይነት ቴሌስኮፕ ለማንኛውም አያስፈልገውም። በሰሜን ኮከብ የሚስተካከል ሌላ ማቆሚያ ልግዛ ብለህ ጠይቀህ ነበር፤ ፎቶ ማንሳት ካላማረህ በቀር አሁን ያለህ ለአዲስ አበባ ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትሪ። 8 ደረቅ ባትሪ ይወስዳል፣ ቶሎም ይጨርሳል። ሲዳከም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሞተሩ እንደፈለገ ይዞራል፣ ሪሞቱ ይደነዝዛል፣ ሰው ደግሞ ተበላሸ ይላል። መብራት ስለሚጠፋም ቢሆን 12 ቮልት የሚሰጥ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያዝ፤ የሶኬቱ መሐል ፖዘቲቭ መሆኑን አረጋግጥ። እህትህ የግድግዳ አዳፕተር አምጥታ ከሆነ 220 መቀበሉ ላዩ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ሳታይ አትሰካው።

ከማየትህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመህ ውጭ አውጣው፤ ቱቦው ይቀዝቅዝ። ቀን የተጋለ ቆርቆሮ አሻግረህ ፕላኔት አትይ፤ ሙቀቱ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ፀሐይን ደግሞ ከፊት ለፊት የሚገጠም ትክክለኛ የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖርህ በፍጹም፣ ለሴኮንድም ቢሆን! ዓይን አይመለስም።

ምን ልይ ላልከው፣ በ25 ሚሊሜትሩ 60 ጊዜ ያጎላልሃል፤ የጁፒተር አራት ጨረቃዎችና የሳተርን ቀለበት በዚህ ይታያሉ። እንደ ፎቶው ቀለም አትጠብቅ፤ የኦሪዮን ኔቡላ እንኳ ግራጫ ጉም ነው። ሚያዝያ ላይ ግን ደመና ከሌለ ወደ ደቡብ ዞረህ ኦሜጋ ሴንታውሪን፣ ያችን ትልቅ የኮከቦች ክምችት፣ ከሪሞቱ ላይ ምረጣት። ለንደን ላለ ሰው ከአድማስ ብቅ አትልም፤ ለእኛ ከ30 ዲግሪ በላይ ትወጣለች።

ሰዓቱን፣ ቀኑንና ቦታውን አስተካክለህ አሁንም "ፌይልድ" ካለህ ያስገባኸውን ሁሉ በቁጥር ጻፍልን፤ የስክሪኑን ፎቶም ጨምር፣ አብረን እናየዋለን።