ሬቩዌልታስ ፊልም ውስጥም ነበረበት ወይ?
"ሜክሲኳዊው ሲልቬስትሬ ሬቩዌልታስ የሙዚቃ ደራሲ ብቻ ነው ወይስ ፊልምም ነካክቷል?" ላልከው፣ ነካክቷል እንጂ! በፈረንጆቹ 1899 የመጨረሻዋ ቀን ዱራንጎ ግዛት ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ድርሰቱን የምር የያዘው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ነው። ስለ ዓሣ አጥማጆች አመፅ ለሚተርከው "ሬዴስ" ፊልም ሙዚቃውን የደረሰው እሱ ነው።

እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ግን በሜክሲኮው የአብዮት መሪ በፓንቾ ቪያ ዙሪያ በተሠራ ሌላ ፊልም ላይ ራሱ ብቅ ማለቱ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ፒያኖ ሲጫወት ድንገት ተኩስ ይነሳል፣ እሱ ሆዬ ሮጦ እንደማምለጥ "እባካችሁ ፒያኖ ተጫዋቹ ላይ አትተኩሱ" የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

መጠጥ ጎዳው መሰለኝ፤ 1940 ላይ በሳንባ ምች ሲሞት ገና 40 ዓመቱ ነበር። ሙዚቃውን ካልሰማህ ከ"ሴንሴማያ" ጀምር፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ።